የፊልቱ ሜዳና የፓስቴል ዱቄት

በሀገራችን የመልክዓ ምድር ሥዕል ሲነሣ በብዙ ሰው ኅሊና ቀድሞ የሚደቀነው ደጋው ነው፤ ሰንሰለታማው ተራራ፣ ለምለሙ መስክ፣ ጭጋግ የለበሰው ገደል። ቆላው የሚታሰበው አንድ ነገር እንደጎደለው ሥፍራ ነው። ከነገሌ ቦረና ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከፊልቱ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል በተዘረጋው ሜዳ ፊት የሚቆም በደጋ ብርሃን ያደገ ሠዓሊም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን የሚሣል አለ?» ብሎ ነው።

በደጋ ርቀትን የሚናገረው ሸንተረር ነው፤ አንዱ ከአንዱ ጀርባ እየደበዘዘ፣ ወደ ሰማያዊነት እያደላ ይሄዳል። በፊልቱ ዙሪያ ይህን መሰላል የሚፈልግ ዓይን ይቸገራል። አድማሱ ዝቅ ያለ በመሆኑ ሰማዩ ከወረቀቱ የሚበዛውን ክፍል ይወስዳል። ቅርቡን ከሩቁ የሚለየው ከቀዩ አፈር የተነሣው ኩይሳ፣ ጃንጥላ የመሰለው ግራር፣ ወይም በሰልፍ የሚያልፍ የግመል መንጋ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ከዛፉ ሥር ይሸጎጣል፤ ቀለም ሁሉ ይነጣል። ሠዓሊው የሚሠራበት ሰዓት እንግዲህ ማለዳና ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ያለው ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አጭር ነው።

ለዚህ አጭር ሰዓት ለስላሳ ፓስቴል የተመቸ ነው። እንዲደርቅ አይጠበቅም፤ ብሩሽ አይታጠብም። ፓስቴል የላመ የቀለም ዱቄት ከጠመኔ መሰል ነገርና ከጥቂት ሙጫ ጋር ተለውሶ የደረቀ በትር ሲሆን፣ ማያያዣው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ብርሃን በቀጥታ ከዱቄቱ ላይ ይመለሳል፤ እንደ ዘይት ቀለም አያብረቀርቅም። የአቧራ ሀገር በአቧራ ይሣላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ዱቄቱን የሚይዝ ሻካራ ገጽ ያስፈልጋል፤ ብርጭቆ ወረቀት እንኳ ያገለግላል። በጣት አብዝቶ የሚያሽ ደግሞ የወረቀቱን ሻካራነት ሞልቶ ቀለሙን ያፍነዋል፤ የብዙ ጀማሪዎች ሥዕል የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ፓስቴልን ከሌላ ቁስ ጋር ማዋሐድ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ፈረንሳዊው ኤድጋር ዴጋ በ1892 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያሳያቸው የመልክዓ ምድር ሥዕሎች በመጀመሪያ በዘይት ቀለም የታተሙ፣ ከዚያም በላያቸው ፓስቴል የተጫነባቸው ነበሩ። የሣላቸውም ከጉዞ ትዝታ እንጂ በሥፍራው ቆሞ አልነበረም። በእኛም ሀገር በኮሎኝ ተምረው የተመለሱት ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1932–1981 እ.ኤ.አ.) በ1950 ዓ.ም. በተመሠረተው በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ቀለም ዕቃን ከመምሰል አልፎ ስሜትን በራሱ እንዲናገር መንገድ ከፍተዋል። ለፊልቱ ሜዳ የሚያስፈልገው ይኸው መንገድ ነው፤ ሜዳውን ፎቶግራፍ አስመስሎ የሚሥል ሰው አንድ አግድም መስመር ይዞ ይመለሳልና።

ይሁን እንጂ ስሜትን መግለጽ የራሱ አደጋ አለው። ያ ሠዓሊውን የሚማርከው ቀይ አቧራ ለአርብቶ አደሩ ሣር ያለቀበት መሬት ምልክት ነው። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በሊበን፣ በዳዋና በቦረና ከብት እንደ ቅጠል ረግፏል። ያን ዘመን በብርቱካንማና በወይን ጠጅ ቀለም አሳምሮ የሚሥል እጅ ማን ፊት እንደቆመ ማሰብ ይኖርበታል። ድርቁን አይሣል ማለት አይደለም። ከሰሉን አስቀድሞ ያስምር፤ የደረቀውን ኩሬ ጠርዝ፣ ነቅሎ ለመሄድ በግመል ላይ የተጫነውን የአቃል እንጨትና ሰሌን በጥቁር ያጥብቅ፤ ፓስቴሉ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ውበቱ እውነቱን አይሸፍነውም። ግመሉን የጫነችው እናት ሥዕሉን ብታየው የት ቦታ እንደሆነ፣ በየትኛው ወቅት እንደሆነ መናገር መቻል አለባት። ከዚህ የጠበቀ ሐያሲ ይገኛል ብሎ መገመት ያዳግታል።

ቁሱም ከአካባቢው ሊገኝ ይችላል። ግራሩ ሙጫ ይሰጣል፤ ቀዩ አፈር በነጠላ ተነፍቶ ከሙጫው ጋር ሲለወስ ለፓስቴሉ መደብ ይሆናል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ያረፉት ሜትር አርቲስት ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ ሲሥሉ የኖሩት ቆዳው ራሱ መልክና ጠባይ ስላለው ነው። አፈር ለጥፎ «ይህ ፊልቱ ነው» ማለት ግን ሥዕል አያሰኝም፤ እንዲህ ያለው ብልኃት በዝቷል።

ሥዕሉን አድርሶ ማሳየትም ሌላ ጣጣ ነው። ማጽኛ ፈሳሽ ሲረጭበት ብሩሁ ቀለም ይደበዝዛል፤ ካልተረጨበት ደግሞ እስከ አዲስ አበባ በሚዘልቀው ጉዞ የመኪናው ንቅናቄ ዱቄቱን ያራግፈዋል። በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ለስላሳ ወረቀት አልብሶ፣ እንዳይንሸራተት አጥብቆ ማሰር፣ ሲደርስም መስተዋቱ ሥዕሉን ሳይነካ ማስገባት ይበጃል።

ጉ የሚባለው የበልግ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ቅጠል አልባ የነበረው የከርቤ ዛፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያቆጠቁጣል፤ በሳጥኑ ጥግ ሳይነካ የቆየው አረንጓዴ በትርም ያን ጊዜ ይወጣል። የዚህ አረንጓዴ መልክ ከደጋው የተለየ ነው፤ ቢጫ ያይልበታል፣ ከሥሩም ቀዩ አፈር ይታያል።