በገበሬ አገር ከቤተ ሰብ ጋራ የሚሰፈርበትን ቦታ ስለ መምረጥ

ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ጥቂት ቀን ማረፍ እንዲገባው የታወቀ ነው። ይልቁንም በትልቅ ከተማ የሚኖር ቤተ ሰብ፣ አባትና እናት በሥራ፣ ልጆችም በትምህርት ተጠምደው ስለሚከርሙ፣ አንድ ገበታ ከበው የሚጫወቱበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዋሽንግተንና በዙሪያው ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል፣ አልጋውና ምድጃው በውስጡ የተሠራለትን፣ አሜሪካኖች አርቪ የሚሉትን የጉዞ መኪና ተከራይተው ልጆቻቸውን ወደ ገጠር ለማውጣት የሚያስቡ ቢኖሩ አሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን የተመረጠው ማረፊያ ክፉ የሆነ እንደ ሆነ ዕረፍቱ ድካም፣ አንዳንድ ጊዜም ኀዘን ይሆናል። እኛም በፔንሲልቬንያ ያለውን የላንካስተርን የእርሻ አገር ስላየነው፣ ለቤተ ሰብ የሚስማማው ቦታ በምን እንደሚታወቅ ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት ወደድን።

ከዋሽንግተን እስከ ላንካስተር ያለው መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው ባልቲሞርን አልፎ ወደ ሰሜን ይወጣና ከዮርክ ከተማ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ሰፊውን የሳስኩዌሃና ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ከወንዙ ማዶ የአገሩ መልክ ሌላ ነው። ኮረብታው ዝቅ ያለ፣ መሬቱ የለመለመ፣ በሐምሌ በቆሎው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ የከብቱና የመኖው ቤት ከሰው መኖሪያ የሚተልቅ ነው። በሬ ሲያርስ ለለመደው ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በቅሎዎች ተጠምደው ሲያርሱ ማየት ነው።

እነዚህ በበቅሎ የሚያርሱት ገበሬዎች አሚሽ የተባሉት ክርስቲያኖች ናቸው። ማኅበራቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1693 ዓ.ም. በያዕቆብ አማን መሪነት በአውሮፓ ተለይቶ የቆመ ነው። ዊልያም ፔን በ1681 ዓ.ም. ይህን ግዛት ከእንግሊዝ ንጉሥ ከተቀበለ በኋላ ስለ ሃይማኖታቸው የሚሰደዱትን ሰዎች ወደዚያ ስለ ጠራ፣ አሚሾችም በሚከተለው መቶ ዓመት ውቅያኖሱን ተሻግረው በዚያ ሰፈሩ። ዛሬ በላንካስተርና በአካባቢው ያሉት ከ40,000 ይበልጣሉ። ቤታቸውን ከኤሌክትሪክ መሥመር ጋራ አያገናኙም፤ መኪናም አይነዱም፤ ግራጫ ጣራ ባለው የፈረስ ጋሪ ይሄዳሉ።

እንግዲህ መስፈሪያዎቹ የተሠሩት በዚህ የሥራ አገር መካከል ነው። ማስታወቂያቸው ስለ መዋኛ ገንዳውና ስለ ልጆች መጫወቻው ብዙ ይናገራል፤ ስለ መሬቱ፣ ስለ ውሃውና ስለ ጎረቤቱ ግን እምብዛም አይናገርም። እኛ ግን አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ይህ ነው እንላለን፤ መዋኛው ለአንድ ቀን ደስታ ሲሆን፣ መሬቱና ውሃው ግን የልጆች ሕይወት የሚጠበቅበት ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ የቦታው ከፍታ ይታይ። በወንዝ ዳር መስፈር ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ብዙ ሰውም ያንኑ ይሻል። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር በአርካንሳስ፣ አልበርት ፓይክ በተባለው የመዝናኛ ሥፍራ፣ ሰፋሪው ሌሊት በተኛበት ደራሽ ውሃ መጥቶ 20 ሰዎች ሞተዋል። በ2025 ዓ.ም. በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት ደግሞ በቴክሳስ የጓዳሉፔ ወንዝ ጎሕ ሳይቀድ ሞልቶ የልጆችን የበጋ ሰፈርና አርቪ የቆሙበትን ሥፍራ ጠርጎ ወሰደ፤ በዚያ ጎርፍ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። በፔንሲልቬንያም በ1972 ዓ.ም. አግነስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ባመጣው ዝናብ ሳስኩዌሃናና ገባሮቹ ሞልተው አገሩን አጥለቅልቀው ነበር። አርቪ ከባድ ስለ መሰለ ውሃ አያነሣውም ማለት ስሕተት ነው። ስለዚህ ለመስፈር የሚሻ ሰው ባለቤቱን፦ ውሃው እስከ ምን ድረስ ወጥቶ ያውቃል? ወደ ከፍታው የሚያወጣው መንገድ የቱ ነው? ብሎ ይጠይቅ። ሁለት ቦታ ቢቀርብለት ከፍተኛውን ይምረጥ፤ በደረሰም ጊዜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጆቹን ይዞ መሸሻውን መንገድ በእግሩ ያሳያቸው።

ሁለተኛው የሚጠጣው ውሃ ነው። የላንካስተር መሬት ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነና ድንጋዩም ስንጥቅ ስለሚበዛው፣ በማሳ ላይ የፈሰሰው ፍግና ማዳበሪያ ከዝናቡ ጋራ ሠርጎ ወደ ጉድጓድ ውሃ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ የሚመጣው ናይትሬት የተባለው ነገር ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን አደገኛ ነው፤ ደሙ አየር ለሰውነቱ እንዳያደርስ ይከለክለዋልና። የአሜሪካ ሕግ ያቆመው ወሰን በናይትሮጅን ሲቆጠር በአንድ ሊትር 10 ሚሊግራም ነው። ውሃውን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ናይትሬቱን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያበዛዋል። በገዛ ጉድጓዳቸው ብዙ እንግዳ የሚያስተናግዱ መስፈሪያዎች ውሃቸውን እንዲያስመረምሩ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን የምርመራ ወረቀት አሳዩን ማለት ነውር አይደለም። በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ያላት እናት ግን ለወተቱ የሚሆን የታሸገ ውሃ ይዛ ብትሄድ ይሻላታል።

ሦስተኛው የመኪናው ጉዳይ ነው። ቦታው ለመኪናው ርዝመት የሚበቃ፣ ደልዳላና ውሃ የማይቋጥር ይሁን። ለጀማሪ ሹፌር ባንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ቦታ ይመቻል። የኤሌክትሪኩ መገናኛ 30 አምፔር ከሆነ የሚሰጠው ኃይል 3,600 ዋት ያህል ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣውና የእንጀራው ምጣድ ባንድነት ከሠሩ በኋላ ሌላ ማብሰያ ቢጨመር መብራቱ ይቋረጣል። የፍሳሹም መውረጃ በየቦታው መኖሩን ወይም በአንድ ሥፍራ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ደግሞ በላንካስተር ጣራ ያላቸው ያረጁ የእንጨት ድልድዮች ብዙ ናቸው። ለማየት ያማሩ ቢሆኑም አርቪን አያሳልፉምና፣ የመኪናውን ቁመትና ክብደት ጽፎ በመሪው አጠገብ መለጠፍ ብልኅነት ነው።

ስለ እሳትም እናሳስባለን። ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራት የሚያስመሰግን ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን የከሰል ምድጃን ወደ አርቪ ወይም ወደ ድንኳን ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ጢሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ ከፍም ይወጣልና፣ የተኛ ቤተ ሰብ ሳይነቃ ያልቃል። ቡናው በደጅ ይፈላ። ማገዶም ከቤት ተጭኖ አይሂድ፤ ከዚያው ይገዛ። በ2014 ዓ.ም. በአጎራባቹ በበርክስ ወረዳ የተገኘው፣ ወይንንና ዛፍን የሚጎዳው ነጠብጣብ ክንፍ ያለው ተባይ እንቁላሉን በእንጨትና በመኪና ላይ ስለሚጥል፣ ከአገር ወደ አገር የሚያዛምተው መንገደኛ ነው።

በመጨረሻው ስለ ጎረቤት እንናገራለን። ገበሬ ከመዝራቱ በፊትና ከሰበሰበ በኋላ ፍግ ይበትናል፤ ሽታውን የማይችል ሰው ያን ወራት ይተው እንጂ ገበሬውን አይውቀስ። የአሚሾች ሱቅ በሰንበት ዝግ ስለሆነ እንቁላሉና አትክልቱ ቅዳሜ ይገዛ። ፊታቸውን ፎቶግራፍ መነሣት አይወዱምና ልጆች ይህን አስቀድመው ይወቁ። በጠባቡ መንገድ ጋሪ ሲገኝ ጡሩምባ ሳይነፉ በዝግታ መከተልና በቀና መንገድ ራቅ ብሎ ማለፍ ይገባል። ወደ ማሳም ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው፤ በሣር ውስጥ የተጫወቱትንም ልጆች በየማታው ከራስ እስከ እግር ማየት ያሻል፤ ላይም የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር በዚያ አገር ይበዛልና።

ይህ ሁሉ በቤት ተቀምጦ በስልክ የሚጠየቅ፣ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። ገንዘቡ ከተከፈለና መኪናው ከቆመ በኋላ ግን ለመለወጥ ያስቸግራል። መሬቱን፣ ውሃውንና ጎረቤቱን መርምሮ የሰፈረ ቤተ ሰብ ሌሊቱን በሰላም ያድራል፤ ልጆቹም ወተት ከሱቅ ሳይሆን ከላም እንደሚመጣ፣ እንጀራም ሰው የደከመበት መሆኑን በዓይናቸው አይተው ይመለሳሉ።