ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ አንድ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ይህን ደብዳቤ አውሮፕላን ውስጥ ተረጋግተሽ እንድታነቢው ብዬ የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ከትቼዋለሁ። በአፌ ልነግርሽ ብሞክር እናትሽ «ደግሞ ክሪኬቱን ጀመረ!» ብላ ታቋርጠኛለች።

ያ የመጀመሪያ የሥራ ዓመትሽ ገና ከሆድሽ እንዳልወጣ አውቃለሁ። አለቃሽ «እጇ ይዘገያል» ብላ የጻፈችውን ወረቀት እስካሁን አጣጥፈሽ ይዘሽዋል። ሊድስ ደርሰሽ የነርሶቹን የተግባር ፈተና ስትቀመጪም ያ ወረቀት አብሮሽ የሚቀመጥ ይመስልሻል። እኔ ስለ ነርስነት የምመክርሽ ነገር የለኝም። የማውቀው ሻርጃ መጋዘን ስሠራ የስሪ ላንካና የህንድ ልጆች ያስተማሩኝን ጨዋታ ነው። ዓርብ ጠዋት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ የፕላስቲክ ሳጥን አቁመው፣ የቴኒስ ኳስ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልለው ሲጫወቱ ዳር ቆሜ ከማየት ነው የጀመርኩት። ስለዚህ ታገሺኝ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።

ማርቫን አታፓቱ የሚባል የስሪ ላንካ መቺ ነበር። በ1990 ህንድ ውስጥ ቻንዲጋር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገሩ ቴስት ተሰለፈ፤ ቴስት ማለት አምስት ቀን የሚፈጀው ትልቁ ጨዋታ ነው። ሁለት ጊዜ ገባ፣ ሁለቴም ያለ አንድ ነጥብ ወጣ። በእግር ኳስ ጎል የሳተ አጥቂ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ ኳስ ያገኛል። የክሪኬት መቺ ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ሕዝብ እያየው ሜዳውን አቋርጦ ይሄድና ተራው እስኪመለስ ድረስ ተቀምጦ ሌሎች ሲመቱ ያያል። አታፓቱን ከቡድኑ አስወጡት። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል በ1992 ኮሎምቦ ላይ ጠሩት፦ ባዶና አንድ። እንደገና አስወጡት። በ1994 አህመዳባድ ላይ ጠሩት፦ ባዶና ባዶ። ስድስት ጊዜ ገብቶ ያገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «ያቺ አንድ ባትኖር ኖሮ እንኳ ያምርበት ነበር» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ግን የሚስቁት በኩራት ነው። ምክንያቱም ይኸው ሰው 90 ቴስት ተጫውቶ 5,502 ነጥብ አስመዝግቧል፣ 16 ጊዜ ከ100 በላይ መትቷል፣ ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ ከ200 በላይ ናቸው። የአገሩም አምበል ሆኗል።

ዘመዶቻችን ይህን ቢሰሙ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉሽ ነበር። እኔ አልልሽም። ጊዜ ብቻውን ማንንም መቺ አያደርግም። ከአህመዳባድ በኋላ ለሌላ ቴስት እስኪጠራ ሦስት ዓመት አልፏል፤ እኔን የሚገርመኝ ያ ሦስት ዓመት ነው። ኮሎምቦ ውስጥ ሲንሃሊዝ ስፖርትስ ክለብ የሚባል ክለብ ነበረው። እዚያ ቴሌቪዥንም ጋዜጠኛም በሌለበት ነጥቡን ይሰበስብ ነበር። በ1997 የመጀመሪያውን መቶ የመታው ደግሞ የት መሰለሽ? ሞሃሊ፣ እዚያው ከቻንዲጋር አጠገብ። አንቺም የማንም ዓይን የማያይበትን የሌሊት ተረኛ ሥራ አትናቂው። እጅሽ የሚፈታው እዚያ ነው።

አታፓቱ ባዶና አንድ ያገኘባት የ1992ቷ የኮሎምቦ ጨዋታ ሌላም ጉድ አላት። ለአውስትራሊያ ሼን ዋርን የሚባል ኳስ የሚያሾር ወጣት ወርዋሪ ተሰልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ሲድኒ ላይ ሲጀምር 150 ነጥብ ተቆጥሮበት ያስወጣው አንድ መቺ ብቻ ነው። ኮሎምቦ ላይ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ እስከዚያ ድረስ ያለው ጠቅላላ ሒሳቡ በ335 ነጥብ አንድ ሰው ሆነ። እንዲህ ያለ ወርዋሪ ለአገር ቡድን ቀርቶ ለሠፈርም አይመረጥም። በመጨረሻው ቀን ስሪ ላንካ ለማሸነፍ 181 ያስፈልጋት ነበር፤ ሁለት ሰው ብቻ ወጥቶባት 127 ደረሰች። ያለቀ ጨዋታ ነበር። ከዚያ በኋላ መቺዎቹ ተራ በተራ ወደቁ፤ አምበሉ አለን ቦርደር በጭንቁ ሰዓት ኳሱን የሰጠው ለዚያ ባለ 335 ልጅ ነው። ዋርን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዎች አንድም ነጥብ ሳይሰጥ አስወጣ። አውስትራሊያ በ16 ነጥብ አሸነፈች። ያ ልጅ በኋላ በቴስት 708 ሰው አስወጥቷል።

ኳሱ ሲሰጥሽ «እኔ እኮ ባለ 335 ነኝ» ብለሽ እጅሽን እንዳትሰበስቢ። ሲሰጡሽ ተቀበይ። አንድ ቀን አንቺም የክፍል ኃላፊ ትሆኛለሽ፤ ያን ጊዜ ቦርደርን አስቢው።

እውነቱን ግን ልሸፍንልሽ አልችልም። አታፓቱን የምናውቀው ስለተመለሰ ነው፤ ሁለት ጊዜ ባዶ ወጥቶ ዳግም ያልተጠራውን ማን ያስታውሰዋል? ጅምሩ ያማረለትም ቢሆን ዋስትና አላገኘም። በ1988 ማድራስ ላይ ናሬንድራ ሂርዋኒ የሚባል ህንዳዊ፣ እንደ ዋርን ኳስ የሚያሾር፣ በመጀመሪያ ቴስቱ 16 ሰው አስወጣ። ሁሉም ሊቅ ተወለደ አለ። በ17 ቴስት ጠቅላላ 66 ሰው አስወጥቶ አበቃ። ከመጀመሪያ ዓመት ወረቀት ላይ የሰውን ዕጣ የሚያነብ ሰው ካጋጠመሽ፣ ቢያመሰግንሽም ቢነቅፍሽም፣ በአክብሮት ስሚውና ወደ ሥራሽ ሂጂ።

ስቲቭ ስሚዝንም ላንሳልሽ፣ በአጭሩ። በ2010 ሎርድስ ላይ ሲጀምር የተመረጠው ለውርወራ ነበር፤ በምቱ ስምንተኛ ነበር የሚገባው። ዛሬ በዘመኑ ከታዩት ታላላቅ መቺዎች አንዱ ነው። አሁን የሚመድቡሽን ክፍል የዕድሜ ልክ ክፍልሽ አድርገሽ አትዪው።

ወደምትሄጂበት ከተማ ልምጣ። ሊድስ ውስጥ ሄዲንግሊ የሚባል ሜዳ አለ። የአውስትራሊያው ስቲቭ ዋው 26 ቴስት ተጫውቶ አንድም መቶ አልነበረውም። በ27ኛው፣ በ1989፣ ሄዲንግሊ ላይ 177 መትቶ ሳይወጣ ቀረ። ሥራውን ሲያቆም 32 መቶ ነበረው። እናትሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን አውቶቡስ ጠይቂ ትልሻለች፤ እሱን አስቀድሚ። ቀጥሎ ግን በዕረፍት ቀንሽ ወደዚህ ሜዳ ጎራ በይልኝ። ወደ ትልቁ የአገሮች ግጥሚያ እንዳትሄጂ፤ ትኬቱም ውድ ነው። የዮርክሻየር ክለብ የአራት ቀን ጨዋታ ሲኖረው ሂጂ። ሕዝቡ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ሽማግሌ ነው። ከአገር ቡድን የወጡ ልጆች ነጥባቸውን የሚሰበስቡት እንዲህ ባለው ጨዋታ ላይ ነው። ካፖርትሽን ያዢ፣ ሻይሽንም በፔርሙስ፤ እዚያ ሚያዝያም ብርድ ነው አሉ። ማን ባዶ እንደወጣ፣ ማንስ እንደመታ ደውለሽ ንገሪኝ።

አባትሽ