ቀሚሴን እናቴ አጠበችው

2009 ዓ.ም. ነበር፤ 19 ዓመቴ። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ግድም ከገበያ ስመለስ ባሕር ዛፉ ውስጥ የማውቀው ሰው ጠበቀኝ።

ጮቄ ተራራ ሥር ካለው ቤታችን ስደርስ እናቴ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። ውኃ አሙቃ ገላዬን አጠበችኝ፤ ቀሚሴንም በዚያው ሌሊት በኩራዝ ብርሃን እድፉ እስኪለቅ ፈተገችው። «ገመናሽን ሸፈንኩልሽ ልጄ» አለችኝ። ማስረጃ እያጠበች መሆኑን የነገራት አልነበረም።

እሑድ ሽማግሌዎች «ያግባትና ነገሩ ይብረድ» ብለው መጡ። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ መሬት መሬቱን ያያል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንዲህ ያለው ጋብቻ ደፋሪን ከክስ ያድነው ነበር። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ያንን ቀዳዳ ከደፈነው ያኔ 12 ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኛ ዋርካ ሥር ግን አልደረሰም።

ሰኞ ማታ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰምታ መጣች። ሰዓቱን በጣቷ ቆጠረች፦ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ማክሰኞ ሌሊት ተነሥተን ረፋድ ላይ ደብረ ማርቆስ ገባን። አንዱ ጋ «የፖሊስ ወረቀት አምጪ» ተባልኩ። ሌላው ጋ፣ ባለጉዳይ እየሰማ፣ «ቀሚሱስ?» ተባልኩ። ታጥቧል ስል፣ «ታዲያ በምን እንመንሽ?» አራት በር አንኳኩቼ ያንኑ ቁስል አራት ጊዜ ገለጥኩት። በመጨረሻ አንዲት ነርስ በሩን ዘግታ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች፤ «የቻልሽውን ያህል ብቻ ንገሪኝ እህቴ» አለችኝ። መድኃኒቱን ስውጥ 10 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የቀረኝ ሁለት ሰዓት።

ክሱ በማስረጃ እጦት ቀረ። በኋላ በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ ፖሊሱ፣ ዓቃቤ ሕጉና የሥነ ልቦና ምክሩ በአንድ ማዕከል እንደሚገኙ ስሰማ አለቀስኩ። እኔን ያደከመኝ በደሉ ብቻ አልነበረም፤ በሩ መብዛቱ ጭምር እንጂ።

ዛሬ ቡና ሲፈላ ለጎረቤት የምትናገረው እናቴ ናት። «ልብሷን እንዳታጥቡ፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከልጅቷ ጋር ሐኪም ቤት ሩጡ። ከታጠበም ሩጡ፤ መድኃኒቱ ቀሚስ አይጠይቅም» ትላለች። ከዚያ ስኒዋን አስቀምጣ እጆቿን ታያለች።