ደመወዝ ከመጻፉ በፊት

የወሩ ደመወዝ እጃችሁ ሲገባ መቁጠራችሁ አይቀርም፤ ቁጥሩ ከየት ተነስቶ እዚያ እንደ ደረሰ የምትጠይቁት ግን ጥቂቶች ትመስሉኛላችሁ። እኔ በአንድ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነኝ። ወሩ ሊያልቅ ሲል የሦስቱን ፈረቃ ፕሮግራም ከመግቢያና ከመውጫ ካርዱ ጋር አመሳክራለሁ፤ ካቦዎቹን አስፈርሜ ፔሮል ለሚያዘጋጀው ሂሣብ ክፍል አስረክባለሁ። ሂሣብ ክፍል የሚያባዛው እኔ የጻፍኩትን ነው። እኔ ያልጻፍኩት ሰዓት ለእነርሱ ያልተሠራ ሰዓት ነው።

እስቲ በወር 4,160 ብር የሚከፈላትን አንዲት ሠራተኛ እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት ስትሠራ በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሆናል፤ የሰዓቷ ዋጋ 20 ብር ነው ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተሠራ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75 ይባዛል። ይህች እህት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ብትቆይ 140 ብር ይገባታል። ሰነፍ መዝገብ ግን ሌሊቱን እንደ ቀን ቆጥሮ 120 ይጽፍላታል። ሃያ ብር ምን አላት ትሉ ይሆናል። ሕጉ በሳምንት የሚፈቅደው ትርፍ ሰዓት 12 ነው፤ ሦስት እንዲህ ያለ ሌሊት መሆኑ ነው። በሳምንት 60፣ በአራት ሳምንት 240 ብር ሆነ። ሱረቱል ሙጠፊፊን ስትቀራ የእህልና የዘይት ነጋዴ ብቻ የሚታያችሁ ካላችሁ፣ የሰዓት መዝገብም መስፈሪያ መሆኑን አስቡልኝ።

ከሁሉ የሚያደክመኝ የቀን አጀማመር ነው። እኛ ሙስሊሞች ቀኑን ከመግሪብ እንጀምራለን። የካርዱ ማሽን በእኩለ ሌሊት ይቆርጠዋል። ሕጉ ደግሞ የሳምንቱ ዕረፍት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ እንዲያጠቃልል ያዛል። ቅዳሜ ማታ ገብቶ እሑድ ጠዋት የወጣን ጥበቃ በማሽኑ ብቻ ብንከፍለው ልክ አይመጣም፤ ስለዚህ በእጄ ከፍዬ እጽፈዋለሁ።

የረመዳን መጨረሻማ ሌላ ነው። ገናና ጥምቀት ቀናቸው ስለሚታወቅ አስቀድመን በቀይ እናከብባቸዋለን። ዒድ ግን ጨረቃ ይጠብቃል። ስለዚህ ለ29ኛው ማግስት ሁለት ፕሮግራም አዘጋጃለሁ፤ አንዱ ጨረቃ ከታየች፣ ሌላው ጾሙ 30 ከሞላ የሚለጠፍ ነው። ወጣቶቹ ይህን ድካም ሲያዩ ይስቃሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ በዓሎቻችን የሕዝብ በዓል ሆነው እንዲከበሩ እንደ ነበር እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በፊት በዒድ ቀን ለፋብሪካ ሠራተኛ የሚባዛ ሰዓት አልነበረም።

የበዓል ክፍያም ሁለት ዓይነት ነው። በበዓል ቀን የተሠራው መደበኛ ሰዓት በሁለት ሲባዛ፣ በዚያው ቀን የተሠራው ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል ነው። የተሰጠኝ ቅጽ «በዓል» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ስለነበረው መሐሉን በማስመሪያ ከፍዬ ሁለት አደረግኩት።

በዒድ ቀን ብዙ ጊዜ ክርስቲያን ባልደረቦቻችን ፈረቃችንን ይይዙልናል፤ እኛም ፋሲካን እንመልስላቸዋለን። መልካም ጉርብትና ነው፣ አላህ ያቆየው። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። አንድ ካቦ «ስሙን አትንካ፣ እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ገንዘቡን ሊተሳሰቡ ይችሉ ይሆናል። ያ ሰው በዚያች ሌሊት ማሽን እጁን ቢይዘውስ? በፕሮግራሙ ላይ ስሙ የለም፤ ቤቱ ተኝቶ ነበር የሚባለው እርሱ ነው። የጉዳት ካሣውን ሊጠይቅ የሚሄደው ቤተሰብ ምን ማስረጃ ይዞ ይሄዳል? ካቦው ለሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ በሦስተኛው ቀን ቅያሪዎቹን ስም በስም አስተካክሎ ፈረመ።

ደመወዛችሁን የምትቀበሉ ወንድሞችና እህቶች፣ የክፍያ ወረቀቱን ጠይቁ፤ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓትም በራሳችሁ ደብተር ያዙ። እኛ ዘንድ ፊደል ያልቆጠሩ አንድ የጥበቃ አባት አሉ። በልጃቸው አሮጌ ደብተር ጀርባ ለእያንዳንዱ ሌሊት አንድ ጭረት ያሰምራሉ፤ የበዓሉን ሌሊት በመስቀለኛ ጭረት ይለዩታል። መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት ይመጡና «እስቲ ልጄ፣ ያንተን ቁጠርልኝ» ይሉኛል። አንዳንዶች ይሰለቻቸዋል። እኔ ወንበር እስብላቸዋለሁ። የእርሳቸው ጭረትና የእኔ ቁጥር ያልገጠመ እንደሆነ ካርዱን ከሣጥኑ አውጥተን፣ ሌሊቱን አንድ በአንድ አብረን እንቆጥራለን።