ሦስት ሙከራ

ቡናው እስኪፈላ ስለ ዋረን ሙን እናውጋ። 2006 ላይ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ከዚያ በፊት ካናዳ ያሳለፈው ስድስት ዓመት ነው።

ሎስ አንጀለስ ነው ያደገው። አባቱ የሞቱት በ7 ዓመቱ ነው። እናቱ ነርስ ነበሩ፤ ከስድስት እህቶች ጋር ያደገው ልጅ ወጥ መሥራቱንም፣ ልብስ መስፋትና መተኮሱንም ለመደ። ሜዳ ላይ የታየው እርጋታው ከዚያ ቤት የመጣ ይመስለኛል።

ኳርተርባክ ኳሷን ተቀብሎ፣ ግዙፎቹ ተከላካዮች እየተንደረደሩበት፣ ለማን እንደሚወረውር በሁለት በሦስት ሰከንድ የሚወስን ሰው ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ይህን ቦታ ለጥቁር አምኖ መስጠት ለቡድኖቹ ይከብዳቸው ነበር። ሙን በጥር 1978 ሮዝ ቦል በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ላይ ቡድኑ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሚሺጋንን 27 ለ 20 ሲረታ የጨዋታው ኮከብ ተብሎም እንኳ ቦታ ቀይር ተባለ። እምቢ አለ። የአሜሪካው ሊግ ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ቀን ከመድረሱ በፊት ለካናዳው ቡድን ለኤድመንተን ፈረመ፤ በምርጫው 12 ዙር ሙሉም ስሙን የጠራ አልነበረም።

ታሪኩን የስደት ታሪክ አድርገው የሚያወሩት አሉ። እኔ አልስማማም። የካናዳው ጨዋታ ለእሱ የተሰፋ ልብስ ነበር። አሜሪካ 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለህ፤ ካናዳ ሦስት ብቻ ነው። ኳሷን ይዞ ቀስ በቀስ መግፋት አያዋጣም፣ መወርወር ግድ ነው። ሜዳው ያኔ ከአሜሪካው ይረዝምም ይሰፋም ነበር፤ ተቀባዮቹም ኳሷ ሳትነሳ ወደ ፊት መሮጥ ይጀምራሉ። ክንዱ ጠንካራ፣ እግሩ ፈጣን ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ኤድመንተን ከ1978 እስከ 1982 የካናዳውን ሊግ ዋንጫ፣ ግሬይ ካፕን፣ አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ከአምስቱ የ1981ዱን ስሙኝ። ተጋጣሚያቸው ኦታዋ ነበር፤ እረፍት ሲወጡ ኦታዋ 20 ለ 1 ይመራ ነበር። ሙን ኳስ እያስነጠቀ ስላስቸገረ አሠልጣኙ ሂዩ ካምቤል አስወጥተው አንጋፋውን ቶም ዊልኪንሰንን አስገቡ። ሙን ከዳር ቆሞ አየ። ከእረፍት በኋላ ሲመለስ ሁለት ጊዜ ኳሷን ራሱ ይዞ የጎል መስመሩን አለፈ። ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ የቡድኑ መቺ ዴቭ ከትለር ኳሷን በእግሩ መትቶ አስቆጠረና 26 ለ 23 አሸነፉ። ያን ቀን ከዳር ያስቀሩት ሰው በዓመቱ 5,000 ያርድ ወረወረ፤ በፕሮፌሽናል ፉትቦል ከእሱ በፊት ማንም እዚያ አልደረሰም። በ1983 ደግሞ 5,648 አደረሰው።

በ1984 የአሜሪካ ቡድኖች ለማስፈረም ተሻሙበት፤ ሂውስተን ወሰደው። የፈለጉትም ኳርተርባክ ነበር።