ከእናቴ ጽጌረዳ እስከ ኢየሩሳሌም መናፈሻ

ቀጋን ታስታውሳላችሁ? በጎንደር ደጋ በመንገድና በአጥር ዳር ይበቅል የነበረው፣ እሾሁ ልብስ ይዞ የማይለቀው፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል የሚቀላው። እረኛ ሆናችሁ ያልበላችሁት ካላችሁ ጥቂቶች ናችሁ። ቀጋ የዱር ጽጌረዳ ነው። የሳይንስ ስሙም «ሮዛ አቢሲኒካ» ነው።

ይህን ያስታወሰኝ በኢየሩሳሌም ከክነሴት ፊት ለፊት ያለው ገን ሀቭራዲም፣ የጽጌረዳው መናፈሻ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን ከ400 በላይ የጽጌረዳ ዓይነት አለበት። ከፋሲካ በኋላ ባለው ጊዜ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ሂዱ፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ነጩ አብቦ ታገኙታላችሁ።

እኔ ግን የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። እናቴ ከማረፏ በፊት ከሕንፃችን ጀርባ የተከለቻት ጽጌረዳ ልትሞትብኝ ሆነ። ቅጠሏ ጥቁር ነጠብጣብ እያወጣ፣ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ውኃ ጨመርኩ፣ ማዳበሪያ ጨመርኩ፤ ጭራሽ ባሰባት። መናፈሻው ውስጥ የሚሠራ አንድ አትክልተኛ አግኝቼ ነገርኩት። «በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ ታገኛለች?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ቤት ተመልሼ ወንበር አውጥቼ ቆጠርኩ። ሁለት ሰዓት ብቻ! ሕንፃው ጥላውን ጥሎባታል።

ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ትፈልጋለች። የጠዋት ፀሐይ ይበልጣል፤ የሌሊቱን ጤዛ ቶሎ ያደርቅላታል። ያ ጥቁር ነጠብጣብ የሚራባው ቅጠል ረጥቦ ሲቆይ ነው። ስለዚህ ስታጠጡ ሥሯ ላይ እንጂ ቅጠሏ ላይ አታፍስሱ። ነፋስ የሚያገኛት ቦታ ስጧት፤ ከትልቅ ዛፍም አርቋት፣ ውኃዋን ይሻማታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያቃጥለው ግድግዳ ሥርም አትትከሏት፤ የሻራቭ ቀን አበባዋን ይጠብሰዋል። አፈሩን ለመፈተን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት፤ እስከ ማግስቱ ካልሰረገ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሚርፔሴት ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ሥሩ የተበሳ ማሰሮ ይበቃል።

እናቴ በእጇ የተከለችበትን ቦታ መንካት ከብዶኝ ነበር። ሰነበትኩ። በመጨረሻ በጥር፣ ቁርና ዝናብ ባለበት ጊዜ፣ የደረቀውን ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ጤነኛውንም ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ በላይ ከርክሜ፣ ከነአፈሯ ነቅዬ ወደ በሩ አዞርኳት። ጠዋት ፀሐይ የሚመታት እዚያ ነው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሦስት አበባ አወጣች። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያሸታታል። ከሕንፃው ጀርባ ሳለች ማንም አያያትም ነበር።

እናንተም ጽጌረዳ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን ወንበር አውጥታችሁ ፀሐይዋን ቁጠሩ።