ወደ ዓለም ከተማ ለሚሄድ የዜማ ስንቅ

አንባቢ ሆይ፣ ከትምህርት ቤት ወጥተህ ሥራ በያዝህ ማግሥት «መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ተመድበሃል» ቢሉህ ፊትህን አታጥቁር። ከአዲስ አበባ ተነሥተህ፣ ሱሉልታንና ጫንጮን አልፈህ ሙከ ጡሪ ስትደርስ የጎጃሙን መንገድ ትለቅና ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ። ለሚን ካለፍህ በኋላ ሜዳው ያልቅና የጀማ ሸለቆ ከእግርህ በታች ይከፈታል። መኪናው እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም አቀበቱን ይያያዘዋል። በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ብታይ ዕድለኛ ነህ። 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘህ ስታበቃ ዓለም ከተማን ከአምባው ላይ ታገኛታለህ።

ለዚህ መንገድ ስንቅ እንዲሆንህ የዋሊያስ ባንድን ታሪክ ልንገርህ፤ ወደ መጨረሻው ከዓለም ከተማ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ታያለህ። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት የአሜሪካና የእንግሊዝ ወጣቶች የጊታርንና የኦርጋንን ድምፅ በኤሌክትሪክ እያስረዘሙና እያጣመሙ፣ አድማጩን እንደ ሕልም የሚያንሳፍፍ ሙዚቃ አወጡ፤ ሳይኬዴሊክ ሮክ ተባለ። የእኛም ሙዚቀኞች የኤሌክትሪክ መሣሪያውን ተቀበሉ፤ ዜማውን ግን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቀዱ። ስሙን ከሰሜን ተራሮች እንስሳ የወሰደው ዋሊያስ ባንድ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ፣ ጭፈራ የወደደ ሰው ከምሽት ገብቶ እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም አወጡ። ዝነኛው «ሙዚቃዊ ስልት» በዚህ አልበም ውስጥ ይገኛል፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብረዋቸው ተጫውተዋል።

የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 የተወለዱት በደብረ ብርሃን ነው፤ እንግዲህ አንተ የምትሄድበት የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው ማለት ነው። አኮርዲዮን የተማሩትም በ14 ዓመታቸው ያለ አስተማሪ ነበር።

በ1981 ባንዱ ከነማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አቶ ኃይሉን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ባንዱም በዚያው ተበተነ። አቶ ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮንንና የኤሌክትሪክ ኪቦርዶችን ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት ቀረጹ፤ ኋላ ግን በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ መኖር ጀመሩ። ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ያኖሩትና ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ሲዞር ያንን ካሴት ከአንድ ሱቅ አገኘ። በ1985 የተቀረጸው ሙዚቃ በ2013 እንደ ገና ታተመ፤ በ2014 ደግሞ «ቼ በለው» ተከተለ። ተበትነው የነበሩት የዋሊያስ ልጆች ወጣትነታቸውን ባላዩ አድማጮች ጆሮ ውስጥ እንደ ገና ተሰበሰቡ። አቶ ኃይሉም ከ65 ዓመታቸው በላይ ሆነው ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ።

አንባቢ ሆይ፣ አሳታሚውን ወደ አቶ ኃይሉ የመራው ከክፍለ ሀገር ሱቅ የተገኘ አንድ ካሴት መሆኑን ልብ በል። ባለሱቁ አሮጌ ነው ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮስ?

ስለዚህ ዓለም ከተማ ስትደርስ፣ ቤት ያከራዩህን እማማ በሣጥናቸው ያስቀመጡት ካሴት እንዳለ ጠይቃቸው። ሙቀትና እርጥበት ክሩን ሳያበላሹት፣ ፈቃዳቸውን አግኝተህ ቅዳው፤ የዘፋኙን ስምና ዘመኑን ጻፍበት። በሠርግ ወይም በገበያ ቀን ማሲንቆ የሚጫወት አዝማሪ ካጋጠመህም ፈቃዱን ጠይቀህ በስልክህ ቅረጸው፤ ዋጋውንም ክፈለው። ዛሬ ማንም የማያውቀው ዜማ ከ30 ዓመት በኋላ የማንን መድረክ እንደሚያበራ አይታወቅምና፣ ከደመወዝህ ሌላ ይህንም ሥራ ከመርሐቤቴ ይዘህ ብትመለስ ምደባህን አታማርረውም።